መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ለምን «አላውቃችሁም» ይላል?

ጥያቄው ይኸውና፦

«ጋሼ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ፤ ብቻዬን ነው የምሠራው። ካሜራ፣ የአስተናጋጆች ታብሌት፣ የጣት አሻራ ማሽን፣ የቀዝቃዛ ክፍል ሙቀት መለኪያና ስማርት ቲቪ ተደምሮ 60 ገደማ ዕቃ በአንድ የዋይፋይ ፓስወርድ ይሠራል። ከሥራ የለቀቀ ሁሉ ፓስወርዱን ያውቀዋል። በማክ አድራሻ፣ ማለትም በየዕቃው የኔትወርክ መለያ ቁጥር፣ ማጣራት ሞክሬ ነበር፤ አላረካኝም። ከዚያ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ፍሪራዲየስ የሚባለውን የኔትወርክ በረኛ ፕሮግራም ጭኜ፣ ለደህንነት ብዬ ከኢንተርኔት ቆርጬው፣ በ12 ዕቃ ላይ በፓስወርድ ፈንታ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ዲጂታል መታወቂያ፣ ሞከርኩ። ሰርተፍኬቶቹን በራሴ ላፕቶፕ ነው የሠራሁት። ሁለት ቀን አሪፍ ሄደ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ አሥሩ አንገባም አሉ። ሁለቱ ታብሌቶች ደግሞ ከመጀመሪያውም ገብተው አያውቁም። ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) ‹ባድ ሰርተፍኬት›፣ መጥፎ ሰርተፍኬት፣ ይላል። ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ያው ነው። ለጥምቀት ሳይደርስብኝ መጨረስ እፈልጋለሁ። ለእኛ ዓይነት ቤት ይሄ ነገር ይሆናል ወይስ ልተወው?»

አትተወው። ሰርተፍኬቱንም ለአራተኛ ጊዜ እንዳትሠራው፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ሰዓት ነው። ጋሼ ካልከኝ ደግሞ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ አብረህ የላክኸውን ሎግ እንየው። ሁለት ዓይነት መስመር አለበት። አሥሩ ዕቃዎች ጋ «ቲኤልኤስ አለርት ራይት፣ ፌታል፣ ባድ ሰርተፍኬት» ይላል፤ ቲኤልኤስ ሰርተፍኬት የሚተያዩበት ንግግር ነው፣ አለርት ማስጠንቀቂያው። ሁለቱ ታብሌቶች ጋ ግን «ቲኤልኤስ አለርት ሪድ» ነው የሚለው፤ የቀረው አንድ ዓይነት ነው። አንተ «ባድ ሰርተፍኬት» የሚለውን አየህና ወደ ሰርተፍኬቱ ሮጥክ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሮጫለሁ። ወሬው ያለው ግን «ራይት» እና «ሪድ» ላይ ነው። «ራይት» (ጻፈ) ማለት ሰርቨሩ፣ ዴስክቶፕህ፣ ራሱ ተናገረ ማለት ነው፤ ዕቃውን አልቀበልም ያለው እሱ ነው። «ሪድ» (አነበበ) ማለት ሰርቨሩ ከዕቃው ሰማ ማለት ነው፤ አልቀበልህም ያለው ዕቃው ነው። አንደኛው በረኛ እንግዳ ሲመልስ ነው። ሌላው እንግዳው ራሱ ደጅ ደርሶ «ቤቱ ይሄ አይደለም» ብሎ ሲመለስ ነው። ሁለት የተለያየ በሽታ ይዘህ በአንድ መድኃኒት እያከምክ ነው።

ከአሥሩ እንጀምር። ካሜራ፣ ታብሌትና መለኪያ፣ ሦስት ዓይነት ዕቃ በአንድ ሌሊት አብሮ ከወደቀ ጥፋቱ እነሱ ጋ አይደለም። ሁሉም የሚያልፉበት ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ ዴስክቶፑ ነው። እያንዳንዱ ሰርተፍኬት ላይ ሁለት ቀን ተጽፏል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያበቃ። ሰርቨሩ ቀኑን የሚያመሳክረው ከራሱ ሰዓት ጋር ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ነው ብለሃል። ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠችው ሳንቲም የምታህለው ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለዋ፣ ሞታለች ብዬ እወራረዳለሁ። መብራት እስካለ ድረስ መሞቷ አይታወቅም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል፤ ሲነሳ ፋብሪካ ላይ የተሞላለትን የድሮ ቀን ይዞ ይነሳል። ሊኑክሱ ትንሽ ወደፊት ሊገፋው ይችላል። ያም ሆኖ ቀኑ ሰርተፍኬቶችህ ከመወለዳቸው በፊት ነው። ኢንተርኔት ቢኖረው ከሰዓት ሰርቨር ጠይቆ ያስተካክል ነበር። አንተ ለደህንነት ብለህ ቆርጠኸዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሰዓቱን ግን አብረህ ቆረጥክበት።

በነገራችን ላይ ሰርተፍኬቱን በላፕቶፕህ መሥራትህ በጀህ። እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ሠርተኸው ቢሆን ኖሮ አዲሱ ሰርተፍኬት የድሮውን ቀን ይዞ ይወጣ ነበር። ሰርቨሩ ደስ ብሎት ይቀበለዋል፤ ሰዓታቸው ትክክል የሆኑት ዕቃዎች ደግሞ «ይሄማ ጊዜው ያለፈበት ነው» ይላሉ። ያን ጊዜ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ እያለቀስክ ነው።

አሁን ሁለቱ ታብሌቶች። እነዚህ ሲም የላቸውም፤ ቀናቸውን የሚሞላው ሰው ነው። ልጆቹ ደግሞ እንደ አገራችን ሞልተውታል፤ ዓመቱን 2018፣ ጠዋቱን ሦስት ሰዓት። ታብሌቱ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። 2018ን የፈረንጅ አድርጎ ያነበዋል። የሰርቨርህ ሰርተፍኬት 2025 ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ታብሌቱ ለመወለድ ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ሰርተፍኬት ቀረበልኝ ብሎ ይመለሳል። ልክ ነው እኮ!

ይሄ ነገር ጎንደር ውስጥ ብቻ ስንት ቦታ እንዳጋጠመኝ አልቆጥረውም። ከሁሉ የሚያሳብደው ቀኑ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ የእኛ ሲሆን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰርተፍኬት ትሠራለህ። ዕቃው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ያስባል፤ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። አይቀበልም። ትሞክራለህ፣ ታጠፋለህ፣ ታበራለህ፣ ምሳ ትበላለህ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስትመለስ ማንም ሳይነካው ይሠራል። ከዚያ «ሪስታርት ሳደርገው ተስተካከለ» ብለህ ለሰው ታስተምራለህ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ባትሪዋን ቀይር። ራውተርህን ወይም ስዊችህን (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበትን ሳጥን) የቤቱ የሰዓት ሰርቨር አድርገው፤ እሱ ከውጭ ይጠይቅ፣ ዴስክቶፑ ከእሱ ይጠይቅ። እንዲህ ሲሆን ዴስክቶፑ ከኢንተርኔት እንደተቆረጠ ይቆያል። ፍሪራዲየስ ሰዓቱ ሳይስተካከል እንዳይነሳ አድርገው፤ ሊኑክስ ላይ ይህን ማዘዝ ይቻላል። ታብሌቶቹን ፈረንጅኛ ሙላቸውና የሰዓት ማስተካከያውን ለአስተናጋጆቹ ዝጋባቸው። የአገራችንን ሰዓት ማየት ለሚፈልግ ግድግዳ ላይ ሰቅለህለት ትገላገላለህ።

ሙቀት መለኪያዎቹ ሌላ ጣጣ አላቸው። እነዚያ ትንንሽ ቦርዶች አብዛኞቹ የሰዓት ባትሪ የላቸውም። ሰዓት ለማወቅ ኔትወርክ መግባት አለባቸው፤ ኔትወርክ ለመግባት ሰዓት ማወቅ አለባቸው። ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ። ዲኤስ3231 የምትባል የራሷ ባትሪ ያላት የሰዓት ቺፕ መግጠም ከሁሉ ይሻላል። ካልሆነ ቦርዱ የመጨረሻውን ሰዓት በየጊዜው ሚሞሪው ላይ ይጻፍ፤ ሲነሳ ከዚያ ይጀምር። ሦስተኛው መንገድ መለኪያው መጀመሪያ ላይ የሰርቨሩን ፊርማ ብቻ አይቶ ቀኑን ሳያይ እንዲገባ፣ ሰዓት ሲያገኝ እንደገና እንዲያጣራ ማድረግ ነው። ይሄኛው ድርድር ነው፤ ለሙቀት መለኪያ እሺ እላለሁ፣ ለገንዘብ መቀበያ ግን አልልም። አንዳንድ ቺፕ ላይ የቀን ፍተሻው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። መለኪያህ በተሳሳተ ሰዓትም ምንም ሳይል ከገባ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ደስ አይበልህ።

የተበላሸው ይሄው ነው። ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። ለአንድ ሆቴል ይሄ ሁሉ ጣጣ ያስፈልጋል ወይ?

ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ራስህ ጽፈኸዋል። «ከሥራ የለቀቀ ሁሉ ፓስወርዱን ያውቀዋል።» አንድ ፓስወርድ ለ60 ዕቃ ከሆነ አንዱን ለይተህ ማስወጣት አትችልም። አንድ ታብሌት ተሰረቀ እንበል። ወይ ፓስወርዱን ቀይረህ 59 ዕቃ ላይ በእጅህ ትሞላለህ፣ ወይ ዝም ትላለህ። ሁሉም ሰው ዝም ነው የሚለው። ሌላም አለ። በተለመደው የዋይፋይ መቆለፊያ፣ ደብሊውፒኤ2 በሚባለው፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ዕቃ ሲገባ በአየር ላይ የሚለዋወጡትን አራት መልእክት ከቀዳ፣ የዚያን ዕቃ ወሬ ፈቶ ማንበብ ይችላል። ባለፈው ወር የለቀቀው ልጅ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ማኪያቶ እየጠጣ ይህን ማድረግ ይችላል።

ማክ አድራሻ አላረካኝም ማለትህ ትክክል ነው። ማክ አድራሻ ስም እንጂ መታወቂያ አይደለም። ካሜራው ጀርባ ስቲከር ላይ ተጽፏል። ዋይፋዩ ቢመሰጠርም አድራሻው በአየር ላይ በግልጽ ይሄዳል። አይቶ የራሱን በዚያ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስልኮች ደግሞ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ለየኔትወርኩ የፈጠራ አድራሻ ስለሚሰጡ ማጣሪያው ሌባውን ሳይይዝ ሥራ አስኪያጁን ያግዳል።

ሰርተፍኬት ምን እንደሆነ ክብ ማኅተም የማያውቅ ሐበሻ ስለሌለ በእሱ ላስረዳህ። መታወቂያ ወረቀቱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ማኅተሙ ነው የሚያስከብረው። ሲኤ የምንለው ማኅተም ያዡ ነው። ሰርተፍኬቱ ማኅተም ያረፈበት መታወቂያ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ መታወቂያ የሰረቀህ ሰው ፎቶውን ካስመሰለ ያልፋል፤ ሰርተፍኬት የሰረቀ ግን አያልፍም። እያንዳንዱ ዕቃ ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚገጥም የሚስጥር ቁልፍ ሆዱ ውስጥ አለ። ሰርቨሩ ሰርተፍኬቱን ካየ በኋላ «በል ባለቤቱ ከሆንክ ፈርምልኝ» ይለዋል። ዕቃው በሚስጥር ቁልፉ ይፈርማል። ቁልፉ ራሱ ከዕቃው አይወጣም፣ በአየር ላይም አይሄድም።

አሠራሩ 802.1ኤክስ ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሦስት ወገን አለ። ዕቃው፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት ወይም ስዊቹ፣ እና ራዲየስ ሰርቨሩ፤ ፍሪራዲየስ የተጫነበት ዴስክቶፕህ ማለት ነው። መሃል ያለው አክሰስ ፖይንት የሁለቱን ወሬ አይፈታም፤ ዝም ብሎ ያመላልሳል። ሰርቨሩ «ይግባ» እስኪለው ድረስ ዕቃው ከሰርቨሩ በስተቀር ማንንም ማናገር አይችልም፣ አይፒ አድራሻ እንኳ አያገኝም። ሰርተፍኬት ሁለቱም ወገን የሚያሳዩበት ዓይነት ኢኤፒ-ቲኤልኤስ ነው፤ አንተ የሞከርከው እሱን ነው። ሲያልቅ ለያንዳንዱ ዕቃ የብቻው የመመስጠሪያ ቁልፍ ይወጣል። ያኔ ካፌ የተቀመጠው ልጅ ምንም አያነብም።

እዚህ ላይ ቆም በል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። «ሁለቱም ወገን» ያልኩት በዋዛ አይደለም። ዕቃውም ሰርቨሩን ማጣራት አለበት። ሴቲንግ ላይ የሲኤውን ሰርተፍኬት የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ ትተው የሚያልፉ አሉ፤ ስለሚሠራ። ብዙዎቹ አዳዲስ አንድሮይዶች «አታጣራ» የሚለውን ምርጫ ያስወገዱት በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው ካላጣራ፣ ሰው በሆቴልህ ዋይፋይ ስም የራሱን አክሰስ ፖይንት ከፍቶ ዕቃዎችህን ይሰበስብልሃል። የሲኤውን ሰርተፍኬት መጫን ብቻም አይበቃም፤ የሰርቨሩን ስምም አስገባ። ለምን? የታብሌቱንም የሰርቨሩንም ሰርተፍኬት ያተመው ያው አንድ ማኅተም ነው። ስም የማያጣራ ዕቃ ካለህ፣ አንድ ታብሌት የሰረቀ ሰው በታብሌቱ ሰርተፍኬት «ሰርቨሩ እኔ ነኝ» ሊልህ ይችላል። ሰርተፍኬት ስትሠራ ይሄ የሰርቨር ነው፣ ይሄ የደንበኛ ነው የሚል ምልክት አለ፤ እሱንም በትክክል ሙላ።

ሲኤውን ራስህ ሥራው። ከውጭ የሚገዛ ወይም ለድረ ገጽ በነፃ የሚሰጥ ሰርተፍኬት ለዚህ አያስፈልግህም፤ እንዲያውም ይጎዳሃል። ለሁሉ ሰው የሚያትም ማኅተምን ብታምን በዚያ ማኅተም ያሳተመ ሁሉ በርህ ላይ ይቆማል። የሰው ማኅተም ደግሞ በሰው ቀን ያልቃል። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 አንድ የቆየ የሥር ሰርተፍኬት፣ የማኅተም ያዡ የራሱ፣ ጊዜው ሲያልፍ በዓለም ዙሪያ ስንቱ አሮጌ ዕቃ ድንገት ግንኙነቱ ተቋረጠ። እኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የሰርተፍኬት ሰጪዎችን ጉዳይ ይመለከታል፤ ግን እሱ ለሕጋዊ ፊርማ ነው። ካሜራህ ውል አይፈርምም።

የሲኤው ቁልፍ ያለበት ላፕቶፕ ዋይፋይ ላይ መዋል የለበትም። ቁልፉን ሁለት ፍላሽ ላይ አድርገህ ከላፕቶፑ አጥፋው። አንዱን ባለቤቱ ካዝና ውስጥ ያስቀምጡት፣ ሌላውን አንተ ቆልፍበት። የሆቴሉን ክብ ማኅተም ሪሴፕሽን ጠረጴዛ ላይ ጥለኸው ትሄዳለህ? ፍሪራዲየስ ለሙከራ ብሎ የሚያመጣቸው ሰርተፍኬቶች ደግሞ ፓስወርዳቸው «ዋትኤቨር» ነው፤ የሰርቨሩ የሙከራ ሚስጥር ቃል «ቴስቲንግ123» ነው። ይህን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱንም ያልቀየረ ቤት አይቻለሁ፤ አንተም አሁን ሄደህ እንደምታይ አውቃለሁ። የሙከራዎቹ ዕድሜም በነባሪው 60 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ካልቀየርከው ሁለት ወር ላይ ሌላ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ።

ስለ ዕድሜ ካነሳን የራሴን ጉድ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ስሙ ይቅር፣ 80 ለሚሆኑ ዕቃዎች ሰርተፍኬት በአንድ ከሰዓት ጨርሼ ሰጠሁ። ሁሉም አንድ ዓመት። በጣም ኮርቼ ነበር። በዓመቱ በዚያችው ቀን ሁሉም አብረው ሞቱ። እኔ ያን ሰዓት አዘዞ ኤርፖርት ስልኬን አጥፍቼ አውሮፕላን ውስጥ ነኝ። ስወርድ ያልተነሳው ጥሪ ብዛት! ያን ቀን ቫይረስ ነው ብለው ግማሹን ፎርማት አድርገውልኝ ነበር የጠበቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሰርተፍኬት ስሰጥ ቀኑን አበታትነዋለሁ። ካሜራዎቹ በአንድ ወር፣ ታብሌቶቹ በሌላ ወር ያልቃሉ። የሚያልቁበትን ቀን ደግሞ ቢሮ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በእኛ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። ለሲኤው 10 ዓመት፣ ለሰርቨሩ ሁለት፣ ለዕቃዎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ለአንተ ቤት ይስማማል። 20 ዓመት ሰጥቼ ልገላገል እንዳትል። ሰዓታቸውን በ32 ቢት የሚቆጥሩ ትንንሽ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. ከጥር 19 ቀን 2038 በኋላ ያለውን ቀን አያውቁትም።

ታብሌት ቢሰረቅስ? መጽሐፉ የተሰረዙ ሰርተፍኬቶች ዝርዝር አውጣ ይልሃል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ዝርዝሩም ራሱ ማብቂያ ቀን አለው። ብዙ ጊዜ 30 ቀን ነው። ማደስ ከረሳህ ሰርቨሩ የተሰረዘውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ይመልሳል። ለ60 ዕቃና ለአንድ ሰው እኔ ሌላውን መንገድ እመርጣለሁ። ፍሪራዲየስ ላይ የሚፈቀዱ ዕቃዎችን ስም ዝርዝር ያዝ፤ ሰርተፍኬቱ ትክክል ሆኖ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ካለ ይግባ። ታብሌቱ ሲሰረቅ አንዷን መስመር ሰርዘህ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ፤ ሌሎቹ 59 አይነኩም። ለዚህ ሲባል ለየዕቃው የየራሱ ሰርተፍኬት ስጥ። አንድ ሰርተፍኬት ለሁሉም ታብሌት የሚቀዳ ሰው አለ፤ ያ ረጅም ፓስወርድ ነው እንጂ ሰርተፍኬት አይደለም።

አሁን ደግሞ መራራውን። ከ60ዎቹ ዕቃዎችህ ሁሉም ይህን አይችሉም። ቲቪዎቹና የጣት አሻራ ማሽኑ አይችሉም ብዬ እገምታለሁ። ካሜራዎች ይለያያሉ፤ ሴቲንጋቸው ውስጥ 802.1ኤክስ የሚል ቦታ ፈልግ። የሌላቸውን በግድ ማስገባት ሳይሆን መለየት ነው ያለብህ። የፋሲል ግቢን አጥር ታውቃለህ፤ 900 ሜትር ያህል አጥር፣ 12 በር። በሮቹም የየራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር እየተባሉ። ዳኛው በአንዱ፣ አዝማሪው በሌላው፣ ፈረሰኛው በሌላው። አንዱን ኔትወርክ እንዲህ በየክፍሉ መለየት ነው ቪላን የምንለው። ካሜራዎቹ በአንድ ቪላን ሆነው መቅጃውን ብቻ ያናግሩ፤ ወደ ኢንተርኔት መውጫ አይኑራቸው። ቲቪዎቹ ለብቻ። የሂሳብ ማሽኖቹ ለብቻ። የእንግዶች ዋይፋይ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ፣ እንግዳ ከእንግዳም እንዳይገናኝ ተደርጎ። ሰርተፍኬት ለማይችሉት ለያንዳንዳቸው የየራሱ ፓስወርድ የሚሰጥ አክሰስ ፖይንት ካለህ እሱን ተጠቀም። ማክ አድራሻንም እዚህ ላይ ብትጨምር አልቃወምም፤ ዋናው በር እስካልሆነ ድረስ።

ካሜራ ላይ ጠንከር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሚራይ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለምን ያመሰው ነገር ምንም ረቂቅ ጥበብ አልነበረውም። 60 ገደማ የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ ዝርዝር ይዞ ካሜራና ራውተር ላይ እየሞከረ ነበር የሚገባው። ስለዚህ ሰርተፍኬት ከመትከልህ በፊት «አድሚን፣ አድሚን» የሚሉትን አጥፋ። በር ላይ ያሉትን ባለ ገመድ ካሜራዎችም አትርሳ። ገመዱን ነቅሎ ላፕቶፕ የሚሰካ ሰው ዋይፋዩን መስበር አያስፈልገውም። 802.1ኤክስ ስዊች ላይም ይሠራል፤ ቢያንስ ውጭ የወጡት መስመሮች ላይ አብራው።

ዕቃ ግዢ ላይ ባለቤቱ እንዳይደነግጡ አንድ ነገር ልበል። ፍሪራዲየስ ነፃ ነው። አክሰስ ፖይንትህ ደብሊውፒኤ2 ኢንተርፕራይዝ (802.1ኤክስ የሚሠራበት ዓይነት) የሚል ምርጫ ካለው አዲስ አያስፈልግህም። ኢንተርኔት ሲገባ አብሮ የሚሰጠው ሳጥን ግን ብዙ ጊዜ የለውም። እኔ ገንዘቡ ካለ የማወጣው መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ነው። ራዲየስ ሰርቨሩ ሲጠፋ ገብተው ያሉት ለጊዜው ይቆያሉ፣ አዲስ ግን ማንም አይገባም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችውን ደቂቃ ሰርቨሩ፣ ስዊቹና አክሰስ ፖይንቶቹ ማለፍ አለባቸው። ሁለተኛ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ራዲየስ ብታቆም ደግሞ ሌሊት ትተኛለህ። ፍሪራዲየሱም አሮጌ ከሆነ አድሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የራዲየስ ፕሮቶኮል ላይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ተገኝቷል። እንደ አንተ ኢኤፒ የሚጠቀም ቤት ባይነካውም ሰርቨሩን አሮጌ አድርገህ አትተወው። ባለቤቱ «ምን ያደርግልናል» ካሉህ የእንግዶች መታወቂያ ቅጂና የካሜራ ምስል እጃችን ላይ ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል በላቸው። አሠራሩን አይሰሙህም፤ አዋጅ ሲባል ግን ይሰማሉ።

ከጥምቀት በፊት መጨረስ ያልከውን ግን አልስማማበትም። ጥር 10 ቀን ክፍል ሁሉ ሞልቶ፣ ከተማው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እየጎረፈ፣ ሪሴፕሽን ላይ ሰው ተሰልፎ ሳለ ታብሌት «አላውቅህም» ቢልህ ማን ይደርስልሃል? እስከዚያ ቪላኖቹን ለይ፣ የእንግዶቹን ዋይፋይ አውጣ፣ የፋብሪካ ፓስወርዶችን ቀይር፣ ሰዓቱን አስተካክል። 12ቱን ዕቃዎች በሰርተፍኬት እንደያዝክ ቆይ። የሚበዛውን አደጋ ይሄ ብቻ ያነሳልሃል። የቀሩትን ከጥር 12 በኋላ፣ እንግዳው ሲወጣ፣ በቀን አምስት አምስት እያደረግክ አስገባ። የድሮውን ዋይፋይ ወዲያው አትዝጋ፤ የመጨረሻው ዕቃ ከወጣ በኋላ አንድ ሳምንት ማን እንደሚገባበት ተመልከት። በግሌ የማውቀው ማንም ያላስታወሰው አንድ ፕሪንተር ሁልጊዜ ይገኛል።

ከመጀመርህ በፊት ግን ሙከራህን ድገም። ባትሪዋን ቀይር፣ ሰዓቱን ከራውተሩ እንዲወስድ አድርግ፣ ከዚያ የዴስክቶፑን ገመድ ከግድግዳው ንቀልና አሥር ደቂቃ ጠብቀህ መልስ። ሲነሳ መጀመሪያ ቀኑን ጠይቀው፣ ቀጥሎ ሎጉን ክፈት። «ራይት» የሚለው መስመር አሁንም ካለ ሎጉን መልሰህ ላክልኝ። የቀረው «ሪድ» ብቻ ከሆነ ለእኔ አትላክ፤ የታብሌቱን ሰዓት ማን እንደገና እንደነካካው አስተናጋጆቹን ጠይቃቸው።